ለፈተና ድንቅነሽ፣ ለቤት አዳም

«የሰው ልጅ ከየት መጣ?» ብላችሁ አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ጠይቁ። አፍ አውጥቶ ባይናገረውም በልቡ «ለፈተና ነው ወይስ ለወሬ?» ይላል። ለፈተና ከሆነ መልሱ ምላሱ ላይ ነው፤ ሐዳር፣ አፋር፣ አውስትራሎፒቴከስ አፋረንሲስ፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት። ያከብባል፤ ያልፋል። ለወሬ ከሆነ ግን መልሱ ሌላ ነው፤ ፈጣሪ አዳምን ከአፈር አበጀው፣ ሔዋንን ሰጠው፣ እኛም ከእነሱ ተባዛን።

አሁን ደግሞ ከትምህርት ቤቱ በር ወጣ በሉና ጉልት የተቀመጡትን እናት፣ የታክሲ ረዳቱን፣ ዘበኛውን ጋሼን ጠይቁ። እነሱ ዘንድ «ለፈተና ነው ወይስ ለወሬ» ብሎ ነገር የለም። አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ፤ አዳም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከመቶው ኢትዮጵያዊ 96 ያህሉ ክርስቲያን ወይም ሙስሊም ነውና መልሱ የሚያስገርም አይደለም።

የሚያስገርመው ሌላ ነው። ልጁ አሥራ ሁለት ዓመት ተምሯል። የታሪክ መምህሩም የባዮሎጂ መምህሩም ስለ ሰው ዘር አመጣጥ አስተምረውታል። ጉልት ያሉት እናት ፊደል ላይቆጥሩ ይችላሉ። ሲያምኑ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። በዚህ ጉዳይ በተማሪውና በሰፊው ሕዝብ መካከል ያለው ልዩነት የእምነት ልዩነት አይደለም። የእውቀት ልዩነትም አይደለም፤ ይህን ወረድ ብዬ አሳያለሁ። ልዩነቱ ይቺ ናት፤ ያልተማረው ያመነውን ይናገራል፣ የተማረው ያላመነውን መጻፍ ለምዷል። አበው «ባንድ ራስ ሁለት ምላስ» የሚሉትን ማለት ነው። የዛሬው ጠቤ ከአዳም ጋር አይደለም። ከዚህ ትምህርት ጋር ነው።

እስቲ ማስረጃ እንቁጠር። የዝግመተ ለውጥ ወሬ በተነሳበት ሁሉ አንድ ጥያቄ አይጠፋም፤ «ሰው ከዝንጀሮ ከመጣ የዛሬዎቹ ዝንጀሮዎች ለምን ሰው አይሆኑም?» ይህን ከባጃጅ ሹፌር ትሰሙታላችሁ። ጥቁር ካባ ለብሶ ከተመረቀ የባዮሎጂ ምሩቅም ትሰሙታላችሁ። ቃሉ አንድ፣ ሳቁም አንድ ነው፤ «ረታሁ» የሚል ሳቅ። ሹፌሩ ቢጠይቅ አይፈረድበትም፤ ማን ነገረውና! ምሩቁ ግን መልሱን ተምሮት ነበር። ሰው ከዛሬው ዝንጀሮ መጣ ያለ ሳይንቲስት የለም። የተባለው፣ ሰውና ቺምፓንዚ ከስድስት ሰባት ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የጋራ ቅድመ አያት ነበራቸው ነው። ባገራችን አነጋገር እናስረዳው ካልን፣ አንተና የአጎትህ ልጅ ከአንድ አያት ወርዳችኋል። አንተ ከአጎትህ ልጅ አልተወለድክም። የአጎትህ ልጅ ዛሬም በሕይወት መኖሩ ያንተን ልደት አያፈርሰውም፤ «ለምን አንተን አልሆነም?» ተብሎም አይጠየቅም። ይህን ለማስረዳት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። እኛ እኮ ሰባት ቤት ቆጥረን የምንጋባ ሕዝብ ነን! የዘር ሐረግ የሚቆጥር ሰው ይህ እንዴት ይጠፋዋል?

ቃሉም ራሱ በድሎናል። ቺምፓንዚና ጎሪላ ባገራችን ስለማይኖሩ የራሳቸው የአማርኛ ስም የላቸውም። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ «ዝንጀሮ» ላይ ተጫነ። ዝንጀሮ ደግሞ ባማርኛ ስድብ ነው። ሰው «አያትህ እንዲህ ነበር» ሲባል የሰማው ሳይንስ ሳይሆን ስድብ ነው፤ ቢቆጣ ይፈረድበታል? መምህሩ በአምስት ደቂቃ ሊያጠራው የሚችለውን ነገር ሳያጠራው ይቀርና ተማሪውም እንደ ሰፈሩ ሰው ስድቡን ይዞ ይወጣል።

«ቲዎሪ ብቻ ነው» የምትለዋም አለች። ይቺኛዋ እንዲያውም የተማሪ ናት፤ ሕዝቡ እንኳ እስከዚህ አልደረሰም። በሰፈር ወሬ «ቲዎሪ» ማለት ያልተጨበጠ ግምት ነው። በሳይንስ ግን ብዙ ማስረጃ የቆመበትና ማስረጃውን አያይዞ የሚያስረዳ ማብራሪያ ነው። በሽታ ከጀርም ይመጣል የሚለውም ቲዎሪ ነው፤ ሐኪሙ እጁን ሳይታጠብ ቢቀዳችሁ ግን «ቲዎሪ ብቻ ነው» ብላችሁ ዝም አትሉትም።

አሁን አንዳንድ አንባቢዎቼ ደስ ብሏቸው ይሆናል። «እሰይ፣ ኋላ ቀሩን ልክ አስገባልን» እያሉ። ቆይ፣ ቆይ! የእናንተም ተራ ደርሷል። «እኔ በሳይንስ ነው የማምነው» የሚለውን ወዳጃችንን አንድ ነገር ብቻ ጠይቁልኝ፤ «ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ መሆኑ በምን ታወቀ?» ዐሥሩን ብትጠይቁ ዘጠኙ ጣራ ጣራ ያያል። አጥንቷ ላይ አልተጻፈም። የታወቀው እሳተ ገሞራ ጥሎት ከሄደው የአመድ ንጣፍ ነው። በአመዱ ውስጥ ያለው ፖታሲየም በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል። የተጠራቀመውን አርጎን ለክቶ አመዱ የወደቀበትን ዘመን ማስላት ይቻላል፤ በአመድ ንጣፎች መካከል የተገኘውም ነገር ዕድሜው በዚያው ይታወቃል። ቀጥ ብላ መሄዷስ? ከጉልበቷና ከዳሌ አጥንቷ አሠራር። ወዳጃችን ይህን ካላወቀ እሱም በዝና ነው ያመነው። እናቱ የንስሐ አባታቸውን አመኑ፤ እሱ መማሪያ መጽሐፉን አመነ። እናቱ ላይ የሚስቀው በምን ሒሳብ ነው?

እውቀት የላቸውም ያልኩት ለዚህ ነው። ያላመነው ተማሪ ያላመነበትን ነገር አያውቀውም። ያመነውም ያመነበትን አያውቀውም። ለፈተና ብለን የሸመደድነው ለፈተናም አልሆነንም። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሁለት ያጣ ጎመን ይሉታል ይሄ ነው።

ለመሆኑ እዚህ እንዴት ደረስን? ተማሪውና ሕዝቡ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበሩም። «መሬት ላራሹ» ብሎ በ1957 ዓ.ም. አደባባይ የወጣው ትውልድ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን መሳለሙን የተወ፣ ከዳዊት ይልቅ ማርክስን ያነበበ ብዙ ነበር። ያ ተማሪ ከወላጆቹ ጋር ተራርቆ ነበር። ከዚያ ደርግ መጣ። ድንቅነሽ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ደርግ ስድሳዎቹን በረሸነ ማግስት! ያው መንግሥት ሰውን በውይይት ክበብ ሰብስቦ በካድሬ አፍ ስለ ሰው አመጣጥ ሰበከ። «ፈጣሪ የለም» የሚለውና «ሰው እንዲህ መጣ» የሚለው በአንድ ከረጢት ታስረው፣ ከጠመንጃ ጋር መጡ። ሕዝቡ ከረጢቱን ሳይፈታ ወረወረው። ካድሬው ሲወድቅ ትምህርቱም የካድሬ ነገር ተብሎ አብሮ ወደቀ። ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በግቢ ጉባኤው፣ በጀመዓው፣ በፌሎሺፑ ከአያቱ በበለጠ ሃይማኖተኛ ነው። መሆኑ መብቱ ነው። ብቻ ጠዋት ክፍል የጻፈውና ማታ ጉባኤ የሰማው አንድ ቀን እንኳ ፊት ለፊት ተገናኝተው አያውቁም።

የማይገናኙበት አንዱ ምክንያት ቋንቋ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ዝግመተ ለውጥን የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። አዳምን የተማረው በእናቱ ቋንቋ፣ በእናቱ ጉልበት ላይ ተቀምጦ፣ በስዕል፣ በዜማ፣ በዓመት በዓል ነው። አንዱ በልጅነቱ የገባ ነው፤ ሌላው በሃምሳ ገጽ ሃንድ አውት። ማንኛው ያሸንፋል? ይህ ውድድር ሳይጀመር ያለቀ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የቆሎ ተማሪ ቅኔ ቤት ሲገባ የየኔታን ቅኔ ሸምድዶ አይመረቅም። በየቀኑ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ፣ ጓደኞቹ ፊት ነግሮ፣ ተተችቶ፣ ታርሞ ነው። «ለምን እንዲህ አልክ?» ይባላል። መልስ ከሌለው ያፍራል። ኋላ ቀር የምንለው ትምህርት ቤት ተማሪውን ሲያከራክር፣ ዘመናዊ የምንለው ደግሞ «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» ያስከብባል። ታዲያ የትኛው ነው ሳይንሳዊ?

ጎረቤቶቻችንን እንይ። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2006 የናይሮቢ ብሔራዊ ሙዚየም እድሳት ላይ ሳለ፣ ቦኒፌስ አዶዮ የተባሉ የወንጌላውያን ጳጳስ የቱርካናው ልጅና መሰል ቅሪቶች የሰው ቅድመ አያት ተብለው ጎልተው እንዳይታዩ ዘመቻ ከፈቱ። ሳይንቲስቶቹ ተነሱ፤ ክርክሩ ጋዜጣ ላይ ወጣ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በ1925 ቴነሲ ላይ አንድ መምህር ዝግመተ ለውጥን አስተምረሃል ተብሎ ተከሶ 100 ዶላር ተቀጥቷል። ከሰማንያ ዓመት በኋላ፣ በ2005፣ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ የተማሪ ወላጆች የትምህርት ቦርዳቸውን ከሰው ዳኛ ፊት አቆሙት፤ ረቱም። ጋሉፕ የተባለው ድርጅት የአሜሪካ ሕዝብን በ1982 ሲጠይቅ 44 በመቶው ሰው ባለፉት 10,000 ዓመታት ገደማ አሁን ባለው መልኩ ተፈጠረ ብሎ ነበር፤ በ2024 ቁጥሩ 37 በመቶ ሆኗል። ኮሌጅ በጨረሱት ዘንድ ከዚህም ይወርዳል። እዚያ ትምህርት፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ሰውን ከሰው ይለያል፤ ያጣላል፤ ያከራክራል። እኛ ዘንድ ጠብ የለም። ለምን ብትሉ መምህሩ ራሱ «እኔም አላምንበትም፣ ግን ፈተና ላይ ይመጣል» ብሎ ይጀምራላ! ይህ ሰላም አይደለም። ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

በእንግዳ ፊት ግን ሌላ ነን። «የ13 ወር ፀጋ» ሲባል የኖረውን የቱሪዝም መፈክራችንን «ምድረ ቀደምት» ብለን ቀይረናል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ኦባማ የድንቅነሽን አጥንት በእጃቸው ሲነኩ በኩራት ደረታችን ተነፋ። በ1999 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ልትሄድ ስትል አጥንቷ ይጎዳል አይጎዳም ብለን ተከራክረናል፤ በ2005 ተመልሳ መጣች። በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ ደግሞ ከሕፃኗ ሰላም ጋር ፕራግ ታየች። አጥንቷ እንዳይሰበር እንጨነቃለን። አጥንቷ ስለሚናገረው ነገር ግን ተጨንቀን አናውቅም። አምስት ኪሎ ባለው ብሔራዊ ሙዚየም ለጎብኚ የሚታየው ቅጂዋ ነው፤ ዋናው አጥንት ተቆልፎ ይጠበቃል። ለአጥንት ደግ አሠራር ነው። እኛ እውቀቱንም እንዲሁ አደረግነው፤ ቅጂውን ለፈረንጅ አወጣን፣ ዋናውን ቆለፍንበት።

ጥፋቱ የበለጠ የሚቆጨው አጥንት ለቃሚው ሁሉ ፈረንጅ ስላልሆነ ነው። የ3.3 ሚሊዮን ዓመቷን ሰላምን ከዲኪካ ያወጣው ቡድን መሪ የአክሱሙ ልጅ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ነው። 4.4 ሚሊዮን ዓመት ካስቆጠረችው ከአርዲ አጽም የመጀመሪያውን ቁራጭ ያገኘው ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ነው። ጎና ላይ 2.6 ሚሊዮን ዓመት የሆናቸውን የድንጋይ መሣሪያዎች ለዓለም ያስተዋወቀው ስለሺ ሰማው ነው። የ160,000 ዓመቱን የኸርቶ ሰው ካጠኑት መሪዎች አንዱ ብርሃነ አስፋው ነው። ልጆቻችን ስንቱን የአውሮፓ እግር ኳስ ተጫዋች በስም ይቆጥራሉ። ከእነዚህ አራቱን የሚያውቅ ተማሪ አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ታገኛላችሁ?

«ታዲያ ምን ይጠበስ? ሰው ከአዳም መጣ ብሎ ቢያምን እንጀራው አይጎድል» የሚል ይኖራል። ይጎድላል እንጂ! ወባን ውሰዱ። ለፋልሲፓረም ወባ ስንወስደው የኖርነው ክሎሮኪን እ.ኤ.አ. በ1998 በፋንሲዳር ተተካ፤ በ2004 ፋንሲዳርም ለኮአርተም ቦታ ለቀቀ። ለምን? መድኃኒቱን የቻሉት ጥቂት ተሐዋስያን ተረፉ፤ ተባዙ፤ ልጆቻቸውም ቻሉት። ስንዴውን ውሰዱ። በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳን ሲመታው ብዙ ገበሬ ወደ ዲጋሉ ዞረ። በ2013 ደግሞ አዲስ ዓይነት የግንድ ዋግ ባሌና አርሲ ላይ ዲጋሉን ጠረገው። ይህ ሁሉ ዝግመተ ለውጥ ነው፤ በሚሊዮን ዓመት ሳይሆን ዓይናችን እያየ፣ በአንድ ሰው ዕድሜ። የጤና መኮንኑና የግብርና ባለሙያው ይህን «ለፈተና ብቻ» የተማሩት ከሆነ፣ በሽተኛው ክኒኑን ለምን መጨረስ እንዳለበት፣ ገበሬው ለምን አንድ ዘር ላይ ብቻ እንዳይተማመን በምን አፍ ያስረዳሉ? ያላመነበትን ማን አስተምሮ ያውቃል?

«ሃይማኖታችንን ልትነካ ነው» ለሚሉኝም መልስ አለኝ። ዝግመተ ለውጥን ከዘር ውርስ ሳይንስ ጋር ካዋሐዱት ታላላቅ ሳይንቲስቶች አንዱ ቴዎዶሲየስ ዶብዣንስኪ የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነበር፤ በፈጣሪ ማመኑንም አልደበቀም። የሮማው ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ በ1996 ዝግመተ ለውጥ ከመላ ምት ያለፈ መሆኑን ተቀብለው፣ ነፍስ ግን ከፈጣሪ ናት ብለዋል። የእኛም ሊቃውንት «አንድም» እያሉ አንዱን ቃል ሁለትና ሦስት መንገድ ሲያመሰጥሩ የኖሩ ናቸው። ይህን ጥያቄ ይፈሩታል ብዬ አላምንም። ማንም ተነስቶ «አልቀበልም፣ ምክንያቴም ይኸው» ቢል አከብረዋለሁ። የማላከብረው ያላመነውን ጽፎ ዲፕሎማ የሚቀበለውን፣ ከዚያም ይህንኑ ለልጅ የሚያስተላልፈውን ነው።

በዚያ ላይ አዳምና ድንቅነሽ የማይጣሉበት አንድ ነገር አለ። ሁለቱም «የአንድ ግንድ ልጆች ናችሁ» ይሉናል። በ2012 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎቻችን ተማሪ ተማሪን በብሔሩ ለይቶ ሲደበድብና ሲገድል ግን ከሁለቱ መልሶች አንዱም እጁን አልያዘውም። በፈተና ወረቀት ላይ የቀረው ሳይንስ ብቻ አልነበረም ማለት ነው፤ አዳምም በአፍ ብቻ ቀርቶ ኖሯል።

እንግዲህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። መምህሩ ይህን ምዕራፍ ሲያስተምር ተማሪው በሚያስብበት ቋንቋ፣ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ፣ በትግርኛም ሆነ በሶማልኛ፣ ደግሞ ያስረዳው። «አልቀበልም» የሚል ተማሪ እጁን አውጥቶ እንዲናገር ይፈቀድለት፤ መምህሩም ቀልዶበት አይለፍ፣ ይመልስለት። ፈተናው «ስንት ሚሊዮን ዓመት?» ማለቱን ትቶ «በምን ታወቀ?» ይበል። የድንቅነሽ የጄሶ ቅጂ በየትምህርት ቤቱ ይግባ፤ ልጆቹ ጉልበቷን በእጃቸው ይንኩት፣ የኦባማ እጅ ከእነሱ እጅ አይበልጥም። ቄሱም ሼሁም ፓስተሩም ተጋብዘው ከሳይንቲስቱ ጋር ልጆቹ ፊት ይነጋገሩ። ቢከራከሩ ሰማይ አይደፋም።

ከዚያ በኋላ ተማሪውም፣ ጉልት ያሉት እናትም አንድ መልስ ቢሰጡ፣ ሁለት መልስ ቢሰጡ ግድ የለኝም። ብቻ እያንዳንዱ የሚናገረው የራሱ ይሁን። እናቲቱ ዛሬም የሚናገሩት የራሳቸው ነው። የቀረን የተማረው ነው።